ባንኮክን ለብቻ፦ ከቦሌ እስከ ሆቴሉ በር፣ ከዚያም ወደ ከተማው

ባንኮክ ብቻውን ለሚሄድ ሰው የምትከብድ ከተማ አይደለችም። ባቡሯ ጥሩ ነው፣ ምግቧ ርካሽ ነው፣ ማታም መንገዱ ላይ ሰው አይጠፋም። የኛ ሰው የሚቸገረው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። ከኢሚግሬሽን መስኮት ይመለሳል፣ ዶላሩን በመጥፎ ዋጋ ይመነዝራል፣ ታክሲ እጥፍ ያስከፍለዋል፣ በመጨረሻም ባቡር የማይደርስበት ሰፈር የተያዘ ሆቴል ይገባል። ስለዚህ ይህ መመሪያ መነሻውና መድረሻው ላይ ይበረታል። ሆቴል ገብታችሁ ካደራችሁ ሌላው ይቀላል።

ከሁሉ በፊት ስለ ሰዓት። እዚህ የምጽፈው ሁሉ ቲኬት ላይ በሚጻፈው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 07:00 ማለት በኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ባንኮክ ከአዲስ አበባ በ4 ሰዓት ትቀድማለች። ደረሰኝ ላይ 2568 የሚል ዓመት ብታዩ አትደንግጡ፣ የቡድሃ አቆጣጠር ነው፤ 543 ስትቀንሱ 2025 ይመጣል። የመድኃኒትና የምግብ ማብቂያ ቀንም አንዳንዴ በዚሁ ይጻፋል።

## ደረጃ 1፦ ወረቀት

በዚህ ቅደም ተከተል ጨርሱ።

1. ፓስፖርት። ከምትገቡበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል ይሁን።

2. ቪዛ። ትኬት ሳትቆርጡ በታይላንድ መንግሥት የኢ-ቪዛ ድረ ገጽ በኩል ጨርሱ። አየር ማረፊያ ደርሶ የሚሰጥ የ15 ቀን ቪዛም አለ፣ 2,000 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ ነው) በጥሬ ይከፈልበታል። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ግን አልመክረውም። ወረፋው ረጅም ነው፣ የተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝርም ይቀያየራል። ችግር ቢመጣ አጠገባችሁ የሚደውልላችሁ ሰው የለም። የግድ በዚያ የምትሄዱ ከሆነ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሯን በዚያው ሳምንት አረጋግጡ።

3. የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ብዙ ሰው የሚጠመደው እዚህ ነው። ታይላንድ ከኢትዮጵያ ከሚመጣ መንገደኛ ይህን ካርድ ትጠይቃለች። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ። ካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የምትነሱም ብትሆኑ የኢትዮጵያ ፓስፖርት እስከያዛችሁ ድረስ ካርዱን አትተዉ።

4. የመግቢያ ቅጽ። አውሮፕላን ውስጥ ይሞላ የነበረው ወረቀት ቀርቷል። ከግንቦት 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቲዲኤሲ የሚባለው ቅጽ ኢንተርኔት ላይ ይሞላል። ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ሙሉና የሚመጣውን ኪውአር ኮድ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ የተሳሳተ ቦታ ገብታችኋል፣ ዝጉት።

5. የመመለሻ ትኬትና የሆቴል ማረጋገጫ። አትሙት። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ወረቀት አይጨርስም።

6. ቅጂዎች። የፓስፖርቱን፣ የቪዛውንና የክትባት ካርዱን ፎቶ ለአንድ የቤተሰብ ሰው በቴሌግራም ላኩ። ታይላንድን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የትኛው እንደሆነ አጣርታችሁ ስልኩን ወረቀት ላይ ጻፉት።

### ሻንጣ ውስጥ የማይገባ

የሰው ዕቃ አትያዙ። "ለእህቴ አድርሺልኝ" የተባለ በርበሬም ቢሆን ራሳችሁ ካልፈጫችሁትና ራሳችሁ ካላሸጋችሁት ይቅር። በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ የታይላንድ ቅጣት እጅግ ከባድ ነው፣ "አላወቅኩም" የሚለውን መልስ የሚሰማ የለም። ጫት አይታሰብ። የኤሌክትሪክ ሲጋራም ወደ አገሪቱ ማስገባት ክልክል ነው። እንደ ትራማዶል ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የምትወስዱ ከሆነ ፋርማሲውን ጠይቃችሁ የሐኪም ወረቀት ያዙ፣ ለመድኃኒቱ ፈቃድ ማስፈለጉንም ቀድማችሁ አጣሩ።

### ለሥራ ከተጠራችሁ ቁሙ

ይህ ከጉብኝት የወጣ ይመስላል፣ ግን መዝለል አልችልም። "ባንኮክ የኮምፒውተር ሥራ አለ፣ ትኬቱን እኛ እንከፍላለን" የሚል ሰው ካገኛችሁ አትሂዱ። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ከማይናማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት ሰዎች መካከል ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አካሄዱ የታወቀ ነው። አየር ማረፊያ በመኪና ይቀበሏችኋል፣ መኪናው ወደ ከተማው ሳይሆን ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነዳል፣ ሰዓታት ተጉዞ ድንበር ላይ ያለችው ሜ ሶት ይደርሳል። መኪና ውስጥ ገብታችሁ ካርታው ከባንኮክ እየራቃችሁ መሆኑን ካሳየ ነዳጅ ማደያ ላይ ሽንት ቤት ብላችሁ ውረዱ፣ ሰው ወዳለበት ሱቅ ግቡ፣ 1155 ደውሉ። የቱሪስት ፖሊስ ነው፣ እንግሊዝኛ ያናግራል።

## ደረጃ 2፦ ገንዘብና ስልክ

ብር ባንኮክ ውስጥ አይመነዘርም። ዶላር ያዙ። አዲስ፣ ያልታጠፈና ያልተጻፈበት ባለ 100 ኖት ይሁን። ለትንንሾቹ ኖቶች የሚሰጠው ዋጋ ያንሳል፣ የተቀደደውን ደግሞ ጭራሽ አይቀበሉም። ገንዘቡን ለሦስት ክፈሉት፦ የዕለቱ ኪስ ውስጥ፣ ዋናው ሰውነታችሁ ላይ፣ መጠባበቂያው ሻንጣ ውስጥ።

ካርድ ካላችሁ ኤቲኤሙ በየወጪው 220 ባህት ወይም ከዚያ በላይ ይቆርጣል፤ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ አታውጡ። ማሽኑ "በራስህ አገር ገንዘብ ልቁጠርልህ?" ብሎ ሲጠይቅ እምቢ በሉት። በባህት ይሁን። እሺ ካላችሁ ከባንካችሁ የባሰ ዋጋ ነው የሚሰጣችሁ።

ስልክ ላይ ደግሞ፣ ገና አዲስ አበባ እያላችሁ ግራብና ቦልት የሚባሉትን የታክሲ መተግበሪያዎች ጫኑና ተመዝገቡ። ማረጋገጫው ቁጥር በኤስኤምኤስ ነው የሚመጣው። እዚያ ደርሳችሁ ሲም ከቀየራችሁ በኋላ ኮዱ እቤት በቀረው ቁጥር እየመጣ ትቸገራላችሁ። ሁለቱም በጥሬ ገንዘብ ይከፈላሉ። የባንኮክን ካርታም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርዱት። የሆቴሉን ስም፣ አድራሻና ስልክ በታይ ፊደል ፎቶ አንሱ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንበብ የማይችል ሾፌር ብዙ ነው።

## ደረጃ 3፦ ሰፈር መምረጥ

ሕጉ አንድ ነው። ሆቴሉ ከባቡር ጣቢያ በእግር 10 ደቂቃ ውስጥ ይሁን። ባንኮክ ውስጥ በ18:00 ታክሲ ላይ መቀመጥ ማለት ቀኑን መሸጥ ማለት ነው። በርካሽ ዋጋ ተታልላችሁ ራቅ ያለ ቦታ ከያዛችሁ ያተረፋችሁትን ታክሲ ይበላዋል።

ፓያ ታይና ራቻቴዊ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የኔ ምርጫ ናቸው። የአየር ማረፊያው ባቡር ፓያ ታይ ላይ ያበቃል፣ የከተማው ባቡርም በዚያው ያልፋል።

ፕራቱናም ልብስ ለመግዛት ለሚሄዱ ነው። ፕላቲነም ሞልና ዙሪያው ያለው ገበያ ነጋዴ የሚርመሰመስበት ነው። ብዙ ሱቆች ሦስትና ከዚያ በላይ ሲገዛ የጅምላ ዋጋ ይሰጣሉ፣ ዓይነቱ ቢለያይም ጠይቁ።

ናና፣ ሱኩምቪት ሶይ 3 የአረብና የአፍሪካ ምግብ ቤቶች ያሉበት ነው። ቡምሩንግራድ ሆስፒታልም እዚያው ስለሆነ ለሕክምና የሚሄዱ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚያርፉት በዚህ አካባቢ ነው። ሐላል ምግብ በሽ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሶይ 4 የሌሊት ጭፈራና የወሲብ ንግድ ቦታ ነው። ብቻዋን የምትሄድ ሴት ሆቴሏ በየትኛው ወገን እንዳለ አይታ ትያዝ።

ካኦ ሳን ወጣት የሚጮህበት፣ አልጋው ርካሽ የሆነ ሰፈር ነው። ባቡር በር ላይ የለውም። እንቅልፍ የምትወዱ ከሆነ ዝለሉት።

አድራሻ ላይ "ሶይ" ማለት ከዋናው መንገድ የሚገባ ቅያስ ነው። ሱኩምቪት ላይ ጎዶሎ ቁጥሮቹ በአንድ ወገን፣ ሙሉ ቁጥሮቹ በሌላው ወገን ናቸው፣ ደግሞም እኩል አይሄዱም። ሶይ 55 ፊት ለፊቱ ሶይ 38 ነው። ስለዚህ "ቁጥሩ ቅርብ ነው" ብላችሁ ሻንጣ እየጎተታችሁ አትነሱ፣ ካርታውን እዩ።

## ደረጃ 4፦ ሱቫርናቡሚ ላይ

የምታርፉበት አየር ማረፊያ ነው፣ ሾፌሮች "ሱዋናፑም" ይሉታል። ከተማዋ ዶን ምዋንግ የሚባል ሌላ አየር ማረፊያም አላት፣ ርካሽ የአገር ውስጥ በረራዎች ብዙዎቹ ከዚያ ነው የሚነሱት። ቀጣይ በረራ ካላችሁ ከየትኛው እንደሆነ አጣሩ።

1. ከአውሮፕላን ስትወርዱ ሰው ወደ ኢሚግሬሽን ይተማል። አብራችሁ አትተሙ። መጀመሪያ "ሄልዝ ኮንትሮል" የሚል ጠረጴዛ ፈልጉ። ከኢሚግሬሽኑ በፊት ነው። የቢጫ ወባ ካርዱን አሳዩ፣ የሚሰጣችሁን ቅጽ ሙሉ፣ ማኅተም አስመቱ።

2. ከዚያ ኢሚግሬሽን። ፓስፖርት፣ ማኅተም የተመታበት ቅጽ፣ ኪውአር ኮድ፣ የሆቴልና የመመለሻ ወረቀት በእጃችሁ ይሁኑ። መልስ አጭር ይሁን፦ ስንት ቀን፣ የት፣ ለምን። ጥሬ ገንዘብ አሳዩ ሊባል ይችላል፣ ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት።

3. ማኅተሙን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። እስከ መቼ እንደተፈቀደላችሁ ተጽፏል። ስህተት ካለ ከመስኮቱ ሳትርቁ ተናገሩ።

4. ሻንጣ ከወሰዳችሁ በኋላ መድረሻው ፎቅ ላይ ላሉት የምንዛሪ መስኮቶች እጅ አትስጡ። ሊፍት ይዛችሁ ባቡሩ ወዳለበት ምድር ቤት ውረዱ። እዚያ ያሉት፣ ሱፐር ሪች የሚባሉትን ጨምሮ፣ በጣም የተሻለ ዋጋ ይሰጣሉ። ልዩነቱ በ100 ዶላር ላይ የአንድ ቀን ምግብ ይሆናል።

5. ሲም ከኤአይኤስ ወይም ከትሩ ግዙ። ፓስፖርት ይመዘገባል። ከመስኮቱ ሳትርቁ ኢንተርኔቱ መሥራቱን ሞክሩ።

ከተበላሸ፦ ሄልዝ ኮንትሮሉን ዘላችሁ ኢሚግሬሽን ላይ ከደረሳችሁ ወደ ኋላ ይመልሷችኋል። አትከራከሩ፣ ሄዳችሁ አስመትታችሁ ተመለሱ። ሻንጣችሁ ካሮሴሉ ላይ ብዙ ከቆየ ሠራተኞች አንስተው በአቅራቢያው ስለሚያስቀምጡት ዙሪያውን ፈልጉ።

## ደረጃ 5፦ ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል

በባቡር። ከምድር ቤት የሚነሳው ኤርፖርት ሬል ሊንክ እስከ ፓያ ታይ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ 45 ባህት ነው። እስከ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይሠራል። አንድ ሻንጣ ያለው ሰው ሌላ አማራጭ አይፈልግም።

በታክሲ። ወደ 1ኛ ፎቅ ሂዱ። ማሽኑን ስትነኩ የመስመር ቁጥር ያለበት ወረቀት ይሰጣችኋል፣ በዚያ ቁጥር የቆመው መኪና የእናንተ ነው። ወረቀቱን ለሾፌሩ አትስጡት። የመኪናው መረጃ ያለበት ስለሆነ ለአቤቱታ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። ሚተሩ ከ35 ባህት ይጀምራል፣ ትልቅ መኪና ከሆነ ትንሽ ይጨምራል። በላዩ 50 ባህት የአየር ማረፊያ ክፍያ አለ። ፈጣን መንገድ ከተያዘ የቀረጡን ኬላ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ ስለዚህ ዝርዝር ያዙ።

"ሚተር የለም፣ 800" ካለ መኪናው ሳይነሳ ውረዱና ሌላ ወረቀት አውጡ። መንገድ ላይ ከሆናችሁ ግን አትጨቃጨቁ። በሩ ውስጥ የተለጠፈውን የመኪና ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ያላችሁበትን ቦታ ለቤተሰብ በቴሌግራም ላኩ፣ ሒሳቡን ሆቴሉ በር ላይ እንግዳ ተቀባዩ ባለበት ተነጋገሩ። ለታክሲ አቤቱታ 1584 ነው።

አዳራሹ ውስጥ እየዞረ "ታክሲ፣ ታክሲ" የሚላችሁን ሰው አትከተሉ።

## ደረጃ 6፦ የከተማው ባቡር

ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ቢቲኤስ ከላይ በድልድይ ይሄዳል፣ ኤምአርቲ በብዛት ከመሬት በታች። ቲኬታቸው የተለያየ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቀይሩ ወጥታችሁ እንደገና ትከፍላላችሁ።

ሰው የሚጠፋው ግን በጣቢያ ስም ነው። አንድ ቦታ ላይ ያሉ ሁለት ጣቢያዎች ስማቸው ይለያያል፦

- የቢቲኤሱ አሶክ፣ በኤምአርቲ ሱኩምቪት ነው።
- የቢቲኤሱ ሳላ ዴንግ፣ በኤምአርቲ ሲሎም ነው።
- የቢቲኤሱ ሞ ቺት፣ በኤምአርቲ ቻቱቻክ ፓርክ ነው።
- የአየር ማረፊያው ባቡር ማካሳን፣ በኤምአርቲ ፔቻቡሪ ነው።

አንዳንድ የቢቲኤስ ማሽኖች ሳንቲም ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ መስኮቱ ላይ ዘርዝሩ። የተሳሳተ አቅጣጫ ከያዛችሁ ከበሩ ሳትወጡ በቀጣዩ ጣቢያ ወርዳችሁ ተመለሱ። ከወጣችሁ ቲኬቱ አለቀ። በ08:00 እና በ18:00 ጣቢያ ውስጥ መዝሙር ሲሰማና ሰው ሁሉ ሲቆም ቁሙ። ብሔራዊ መዝሙር ነው።

መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። መኪና በግራ ነው የሚሄደው፣ የኛ ዓይን ደግሞ የለመደው በተቃራኒው ነው። ሞተር ሳይክል ከየትም ይመጣል፣ ከእግረኛ መንገድ ላይ ጭምር።

## ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ሙሉ ቀን

ይህ ቅደም ተከተል ሙቀቱንም ወረፋውንም ይቀድማል።

1. 07:15 በቢቲኤስ ሳፓን ታክሲን ውረዱ። ከሥሩ ሳቶርን ወደብ አለ።
2. ብርቱካንማ ባንዲራ ያለውን ጀልባ ያዙ። ወደ 16 ባህት ነው። ወደቡ ላይ የግል ጀልባ በብዙ እጥፍ የሚሸጡ አሉ፣ እለፏቸው።
3. ታ ቻንግ ውረዱ። ታላቁ ቤተ መንግሥት በ08:30 ይከፈታል፣ መግቢያው 500 ባህት ነው። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ሴቶች፣ እጅጌ በሌለው ልብስ ላይ ነጠላ ጣል ማድረግ ብዙ ጊዜ አያሳልፍም፣ እጅጌ ያለው ልበሱ።
4. በእግር ወደ ዋት ፖ ቤተ መቅደስ ሂዱ። ጫማ ይወልቃል። እግራችሁን ወደ ቡድሃ ምስል አትዘርጉ።
5. ከታ ቲየን በትንሿ መሻገሪያ ጀልባ ወደ ዋት አሩን ቤተ መቅደስ ተሻገሩ።
6. ከ13:00 በኋላ ውጭ አትቆዩ። የደጋ ሰው ይህን ሙቀት ይንቃል፣ ከዚያ ይወድቃል። ተመልሳችሁ ተሻገሩና ሳናም ቻይ ከሚባለው የኤምአርቲ ጣቢያ ወደ ሆቴል ግቡ።

ማስጠንቀቂያ። ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ጥሩ የለበሰ፣ ትሑት ሰው ቀርቦ "ዛሬ ዝግ ነው" ይላችኋል። ቱክቱክ በ20 ባህት ከተማውን ያዞራችኋል ይላል። ጉዞው የሚያበቃው የከበረ ድንጋይ ወይም የሱፍ ልብስ መሸጫ ላይ ነው። ራሳችሁ በሩ ድረስ ሄዳችሁ እዩ። ቱክቱኩ ላይ ከወጣችሁና ሱቅ ፊት ካቆማችሁ ምንም ሳትገዙ ወርዳችሁ ግራብ ጥሩ።

ስለ ንጉሣዊ ቤተሰቡ ቀልድ የለም፣ ፌስቡክ ላይም ቢሆን። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 ለአንድ ጥፋት ከ3 እስከ 15 ዓመት እስር ያስፈርዳል።

## ደረጃ 8፦ ምግብ

አሳማ በየሳህኑ አለ። "ማይ ሳይ ሙ" በሉ፣ አሳማ አይግባበት ማለት ነው። ወንድ ከሆናችሁ መጨረሻው ላይ "ክራፕ"፣ ሴት ከሆናችሁ "ካ" ጨምሩ፣ ፊታቸው ይፈታል። "ማይ ፔት" አታቃጥሉት ነው። በርበሬ ለምደናል ብላችሁ አትኩሩ።

ለጾመኛ መልካም ዜና አለ። "ጄ" የሚባለው ምግብ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የለበትም። ምልክቱ ቢጫ ላይ የተጻፈ፣ 17 ቁጥር የሚመስል ቀይ ጽሑፍ ነው። ምልክቱ ከሌለ "አትክልት ብቻ" ብትሉም የዓሣ ውሃ ይገባበታል። የቧንቧ ውሃ አትጠጡ፣ በየቅያሱ ሰቨን ኢለቨን አለ።

## ደረጃ 9፦ ማታ፣ ለብቻ

መጠጣችሁን ትታችሁ ሽንት ቤት አትሂዱ፣ ከተመለሳችሁ አዲስ እዘዙ። ፓትፖንግ አካባቢ "ነፃ ትርዒት" ብሎ ወደ ፎቅ የሚጋብዝን አትከተሉ፣ ሒሳቡ ሲመጣ በሩ ላይ ወጠምሻ ይቆማል። ፓስፖርቱን ሆቴል ቆልፉበት፣ ቅጂውን ያዙ። ሞተር ሳይክል ታክሲ የምትጠቀሙ ከሆነ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰውን ብቻ፣ ያውም ለአጭር መንገድ፣ ሄልሜት አድርጋችሁ።

## ነገር ሲበላሽ

ፓስፖርት ከጠፋ፦ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ የመጥፋት ወረቀት አውጡ። ያለዚያ ወረቀት ኤምባሲም ኢሚግሬሽንም አያስተናግዳችሁም። ቋንቋ ካስቸገረ 1155።

ከታመማችሁ፦ አምቡላንስ 1669 ነው። የግል ሆስፒታሎቹ ጥሩ ናቸው፣ ግን ክፍያ ወይም ኢንሹራንስ ቀድመው ይጠይቃሉ። የኢንሹራንሱን ቁጥር ከፓስፖርቱ ቅጂ ጀርባ ጻፉት።

ስልክ ከጠፋ፦ ወረቀት ላይ የሆቴሉ አድራሻ በታይ ፊደል አለ አይደል? ለዚህ ነው።

## መውጫ

የመግቢያ ማኅተሙ ላይ ካለው ቀን ካለፋችሁ ቅጣቱ በቀን 500 ባህት ነው። አየር ማረፊያ ላይ ራሳችሁ ካቀረባችሁ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ፣ መንገድ ላይ ከተያዛችሁ ግን እስር አለ። በተለይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ያላችሁ ተጠንቀቁ። ትኬቱ 00:40 ላይ ሐሙስ የሚል ከሆነ ወደ አየር ማረፊያ የምትሄዱት ረቡዕ ማታ ነው። የተፈቀደላችሁ ቀን ረቡዕ የሚያልቅ ከሆነም ኢሚግሬሽኑን ከ24:00 በፊት ተሻገሩ። ከከተማው ከ20:00 በፊት ውጡ፣ ዝናብ ከያዘ በባቡር።